ልጁ ቅዳሜ ማታ በጻፈው፣ ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤት ሲደወል

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚደወለው ሥራ ላይ ሳላችሁ ነው። አሲስታንት ፕሪንሲፓሉ (ምክትል ርዕሰ መምህሩ) ስማቸውን ይነግሯችሁና ልጃችሁ ቢሮ ተቀምጦ እንዳለ ያስታውቋችኋል፤ ቀጥለው "ስናፕቻት ላይ የለጠፈውን አይተውታል?" ይላሉ። ነገሩ የተጻፈው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ቤት ሆኖ፣ በራሱ ስልክ። እኛም ቤት ይህ ስልክ ተደውሎ ያውቃል። ዝርዝሩ የልጄ ስለሆነ አላወጣውም። ያኔ ባውቀው ኖሮ እያልኩ የተቆጨሁበትን ግን ለሌላ ወላጅ ልጽፈው ወደድኩ። የምጽፈው ስለ ሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው። የፌዴራሉ ሕግ በየትኛውም ስቴት ይሠራል፤ የቀን ገደቡና የቅጾቹ ስም ግን ስለሚለያይ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ የየራሳችሁን አጣሩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእኛ ሰው ስህተት የሚጀምረው ከሕጉ ሳይሆን ከአስተዳደጉ ነው። "ወላጅ አምጣ" እየተባለ ያደገ ሰው ትምህርት ቤት ሲጠራ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ አንገት ደፍቶ መቆም፣ ልጁን እዚያው መቆጣት፣ "ይቅርታ አድርጉለት፣ ሁለተኛ አይለመደውም" ማለት። አገር ቤት ይህ ነገሩን ያበርደዋል። እዚህ ግን የተናገራችሁት ፋይል ውስጥ ይገባል። "ልጄ አጥፍቷል" ያላችሁት በማግስቱ "ወላጅ ድርጊቱን አምነዋል" ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ጨዋነታችሁን ተዉት አልልም፤ ጥሩ ሰላምታና ረጋ ያለ ድምፅ ብዙ በር ይከፍታል። ግን "አጥፍቷል" ከማለታችሁ በፊት "አጠፋ የምትሉት ምንድን ነው? የትኛውን ደንብ ነው የጣሰው?" የሚለው ይቅደም።

ስልኩን ሳትዘጉ የምትጠይቁት ሦስት ነገር አለ። ልጁ የተጠረጠረበት ጥፋት በደንቡ ላይ ያለው ስም ምንድን ነው? ፖሊስ አለበት ወይስ የለበትም? እስክደርስ ድረስ ጥያቄውን ልታቆዩልኝ ትችላላችሁ? የመጨረሻውን እሺ የማለት ግዴታ የለባቸውም፤ ወላጅ በሌለበት ልጅን መጠየቅ ይችላሉ። ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ ይታገሳሉ፤ ባይታገሱም መጠየቃችሁ ይመዘገባል። ከዚያ ልጁን አገናኙኝ በሉና በአማርኛ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ "አትዋሽ፣ አትከራከር፣ እኔ እስክመጣ ምንም አትጻፍ።"

በዚያች ሰዓት ከሁሉ የሚከብደው ስቴትመንት የሚሉት ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስም፣ ክፍልና ቀን፤ መሐሉ ባዶ መስመር፤ ከታች ፊርማ። የደነገጠ ልጅ እጅ ላይ እስክሪብቶ ይቀመጥና "እውነቱን ከጻፍክ ይቀልልሃል" ይባላል። የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ የሆነውን ብቻ አይጽፍም። የጠረጠረውን፣ ጓደኛው ያለውን፣ ሌላው ልጅ የተሰማው የሚመስለውን ሁሉ ይጨምርበታል። "ምናልባት ፈርታ ሊሆን ይችላል" ብሎ ይጽፋል፣ አዛኝ ለመምሰል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት በኋላ ክፉ ቀልዱን ወደ ዛቻ የምትለውጠው። ስለዚህ ምንም ሳይመጣ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ፣ "ወላጆቼ እስኪመጡ መጻፍ አልፈልግም" የሚለውን በአክብሮት፣ አንዴ ብቻ ብሎ ዝም ማለትን አለማምዱት። ትምህርት ቤቱ ያለ እሱ ቃል ሊወስን ይችላል። ቢሆንም ከተቻኮለ ወረቀት ያነሰ ጉዳት አለው።

"ስልክህን ክፈትልኝ" ከተባለ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በአንዲት የኒው ጀርሲ ተማሪ ቦርሳ ጉዳይ እንደወሰነው፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ለመፈተሽ የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልገውም፤ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይበቃዋል፤ ፍተሻው ግን ከተጠረጠረው ነገር መራቅ የለበትም። ፖሊስ ከሆነ ደግሞ የ2014ቱ የራይሊ ፍርድ አለ፤ የታሰረን ሰው ስልክ እንኳ ለመፈተሽ በመርህ ደረጃ ማዘዣ ያስፈልጋል። ልጁ በፈቃዱ ከከፈተው ግን ይህ ሁሉ ክርክር ይቀልጣል። "አልፈቅድም፣ ወላጆቼን ጠይቁ" ይበል፤ ከእጁ ቢወስዱት አይታገል። ፖሊስ ጥያቄ ከጀመረ የሚለው አንድ ነው፦ "ጠበቃ እፈልጋለሁ።" ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ፖሊስ በቁጥጥር ሥር ያለን ልጅ ከመጠየቁ በፊት ልጁ ጠበቃ እንዲያማክር ማድረግ፣ ወላጅም ለማሳወቅ መሞከር አለበት።

ቢሮው ስትገቡ ልጁ እንዳያስተረጉም። እንግሊዝኛችሁ ገበያና ሥራ ቦታ ቢበቃም እንኳ አስተርጓሚ ጠይቁ። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ርዕስ 6 የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግር ያስገድዳል፤ ክፍያውም የእናንተ አይደለም። በራሱ ጉዳይ የሚያስተረጉም ልጅ ወይ ለእናንተ ያለሳልሳል፣ ወይ እነሱ ያሉትን ሳይገባው እሺ ይላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች የተማሪ ሥነ ምግባር ደንብ በአማርኛ ተተርጉሞ ይገኛል፤ ከስብሰባው በፊት አንብቡት። ያልገባችሁን ወረቀት ደግሞ አትፈርሙ። "ደርሶኛል ማለት ነው እንጂ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም" ቢሏችሁ፣ ያንኑ ቃል ከፊርማችሁ አጠገብ በእጃችሁ ጻፉት።

ማታ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያው ስሜት "አሁኑኑ አጥፋው!" ነው። ቆዩ። አስቀድማችሁ ሙሉ ውይይቱን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ቀንና ሰዓቱ እንዲታይ አድርጋችሁ በስክሪንሾት (በስልኩ ገጽ ፎቶ) ቅዱ። ልጁን የሚያድነው ብዙ ጊዜ ከእሱ መልእክት በላይ ያለው መልእክት ነው። ቅጂው ከተያዘ በኋላ ለሕዝብ የተለጠፈውን ማውረድ ጥሩ ነው፤ ፖሊስ ከገባበት ግን ጠበቃ ሳታማክሩ ምንም አትንኩ፣ ማስረጃ ማጥፋት ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ነገር አለ፦ ጉዳዩ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ የዕርቃን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከሆነ ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለማንም አትላኩ፣ ለባለቤታችሁም ቢሆን። በዚያው ምሽት ጠበቃ ፈልጉ። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 የ16 ዓመት ልጅ የራሷን ቪዲዮ ለሁለት ጓደኞቿ በመላኳ በሕፃናት ፖርኖግራፊ ሕግ ተጠያቂ ልትሆን ትችላለች ብሎ ወስኗል። የራሷን ነው የላከችው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። ከግቢ ውጪ የተጻፈን ነገር ትምህርት ቤት መቅጣት ይችላል ወይ ቢባል መልሱ "አንዳንዴ" ነው። ሥራው ያቺን "አንዳንዴ" መረዳት ላይ ነው። መነሻው የ1969ኙ የቲንከር ፍርድ ነው፤ በአይዋ ስቴት ዴሞይን ከተማ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ተማሪዎች ጉዳይ። ፍርድ ቤቱ ቅጣት የሚፈቀደው ንግግሩ የትምህርቱን ሥራ በእጅጉ ካወከ፣ ያውካል የሚያሰኝ ተጨባጭ ምክንያት ካለ ወይም የሌላውን መብት ከነካ ነው አለ። ለእኛ ዘመን ግን የሚጠቅመው የ2021ዱ የማሃኖይ ውሳኔ ነው።

ታሪኩ ትንሽ ነው። በ2017 ፔንስልቬንያ ውስጥ ብራንዲ ሌቪ የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ለዋናው የቺርሊዲንግ (በጨዋታ ላይ ደጋፊን የሚያነቃቃ) ቡድን ሳትመረጥ ቀረችና በጁኒየሩ ቡድን ተመደበች። ቅዳሜ ቀን ከጓደኛዋ ጋር ከአንድ ሱቅ ሆና የመሐል ጣቷን አውጥታ ፎቶ ተነሣች፤ ትምህርት ቤቱንም ቡድኑንም ጠራርጎ የሚሳደብ ቃል ጻፈችበትና ስናፕቻት ላይ ወደ 250 ለሚሆኑ ጓደኞቿ ለቀቀችው። በ24 ሰዓት የሚጠፋ ነበር፤ ግን አንዷ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሥታ አሠራጨችው። ልጅቷ ከጁኒየሩ ቡድን ለአንድ ዓመት ታገደች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 23 ቀን 2021፣ 8 ለ 1፣ ዳኛ ስቲቨን ብሬየር በጻፉት ውሳኔ ቅጣቱ የመናገር መብቷን ጥሷል አለ። "አወከች" ለተባለው የቀረበው ማስረጃ ምን ነበር? በአልጀብራ ክፍል ቢበዛ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለሁለት ቀን ያህል የተወራ ወሬ፣ እንዲሁም የአንዳንድ ልጆች መከፋት። ይህ አይበቃም ተባለ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር አበክሮ ተናገረ፦ ልጅን ከግቢ ውጪ መቅጣት በመሠረቱ የወላጅ ድርሻ ነው፤ ትምህርት ቤት 24ቱንም ሰዓት ከተቆጣጠረ ደግሞ ልጁ የሚናገርበት ሰዓት አይተርፈውም። የመጀመሪያውን ለስብሰባው ያዙት። "ቤት ውስጥ ቀጥተነዋል፣ ስልኩን ወስደናል" ማለት በዚህ ውሳኔ መሠረት ባዶ ቃል አይደለም፤ ጥፋቱን ማመንም አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ወላጅ ይሳሳታል። ይኸው ፍርድ ትምህርት ቤቱ ከግቢ ውጪም እጁ ሊደርስባቸው የሚችሉ ነገሮችን ጠቅሷል፦ በአንድ የተወሰነ ሰው ላይ ያነጣጠረ ከባድ ትንኮሳ፣ በመምህር ወይም በተማሪ ላይ ዛቻ፣ የፈተናና የቤት ሥራ ማጭበርበር፣ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ደኅንነት መስበር። ልዩነቱን ለማየት በ2022 የወጡ ሁለት የይግባኝ ውሳኔዎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። በኮሎራዶ የቼሪ ክሪክ ተማሪ ዓርብ ማታ አይሁዶችን የሚመለከት አስጸያፊ "ቀልድ" ስናፕቻት ላይ ለጠፈ፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አውርዶ ይቅርታ ጻፈ፤ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ማንንም በስም አልጠቀሰም። ከትምህርት ቤት ተባረረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ክሱ ውድቅ ሊደረግ አይገባም ብሎ ለልጁ ወሰነ። በካሊፎርኒያ አልባኒ ደግሞ ተማሪዎች በዝግ ኢንስታግራም አካውንት የራሳቸውን ትምህርት ቤት ጥቁር ተማሪዎች ፎቶ እየለጠፉ ተሳለቁባቸው። እዚያ ቅጣቱ ጸና። "ጥቂት ጓደኞች ብቻ የሚያዩት ነው" የሚለው ክርክር አላዳናቸውም። ስም ወይም ፊት ከተነካ ነገሩ ሌላ ነው።

የሜሪላንድ የትንኮሳ ሕግም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው። በግቢ፣ በትምህርት ቤት ዝግጅት ወይም በአውቶቡስ ካልሆነ፣ ድርጊቱ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት በእጅጉ ያወከ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥያቄያችሁ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፦ የትኛው ክፍል ተቋረጠ? ስንት ደቂቃ? ማን ትምህርት ቀረ? ማን ምን ብሎ አመለከተ? "ብዙ ወላጆች ተቆጥተዋል" መልስ አይደለም። ተኩስን፣ ቦምብን ወይም "ነገ አትምጡ"ን የነካ ጽሑፍ ከሆነ ግን ስለ መናገር ነፃነት አትከራከሩ። ሜሪላንድ የጅምላ ጥቃት ዛቻን እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጋዋለች፤ "ሲቀልድ ነው" ማለት ራሱ ቃል መስጠት ስለሚሆን ለጠበቃው ይቆይ።

አሁን ትምህርት ቤቱ ያቀረበውን ስክሪንሾት በእጃችሁ ያዙና እዩት። ከላይ የስልኩ ሰዓትና ባትሪ ይታያል? ካልታየ ተቆርጧል፤ ማን ቆረጠው? የአካውንቱ ስም ሙሉ ነው ወይስ የታየው ስክሪንሾቱን ያነሣው ሰው በራሱ ስልክ ላይ የመዘገበው ቅጽል ስም ነው? ከስናፕቻት የወጣ ከሆነ፣ ልጁ የሰጠው መልስ ለየትኛው መልእክት ነው? ያ የቀደመው መልእክት ለምን አልተካተተም? ለትምህርት ቤቱ የሰጠው ማን ነው፣ መቼ? ስሙን ላይነግሯችሁ ይችላሉ፤ ከፎቶው ባለቤት በቀጥታ የመጣ ነው ወይስ በሦስት ሰው እጅ አልፎ ለሚለው ግን መልስ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ግሩፕ ቻት ውስጥ 12 ልጅ ኖሮ ቅጣት የደረሰው ለ2 ብቻ ከሆነ፣ ያንንም በጽሑፍ አንሡት።

ጉዳዩ "ከግቢ ውጪ" መሆኑን ከመናገራችሁ በፊት ደግሞ በምን እንደተጻፈ አረጋግጡ። ትምህርት ቤቱ በሰጠው ክሮምቡክ (ላፕቶፕ) ወይም በትምህርት ቤቱ የጉግል አካውንት ከሆነ፣ ሌሊት መኝታ ቤት ተኝቶ ቢጽፈውም እንደ ግቢ ውጪ አትቁጠሩት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ጋግል ወይም ጎጋርዲያን የመሰሉ መከታተያዎች አሏቸው። ልጆቹ ደግሞ ስልክ ሲወሰድባቸው ጉግል ዶክ ከፍተው እዚያ ላይ ያወራሉ። የሚያነበው ያለ አይመስላቸውም።

ቅጣቱ ሲነገር ቀኑን ቁጠሩ። ከ1975ቱ የጎስ ፍርድ ወዲህ ለአንድ ቀን ሰስፔንድ የሚደረግ (የሚታገድ) ተማሪ እንኳ ምን እንደተባለበት ሊነገረው፣ ከካደ ማስረጃው ሊብራራለት፣ የራሱንም ወገን ሊናገር ይገባል። ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 3 ቀን አጭር፣ ከ4 እስከ 10 ረጅም፣ ከ11 እስከ 45 የተራዘመ እገዳ ይባላል፤ ከ45 በላይ መባረር ነው። ፕሪንሲፓሉ በራሱ ሥልጣን ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ማገድ አይችልም፤ ከዚያ በላይ የካውንቲው ሱፐርኢንቴንደንት (የትምህርት ቤቶቹ ዋና ኃላፊ) ወይም የእሱ ተወካይ መርምሮና ከእናንተ ጋር ተሰብስቦ ነው። ለተራዘመው እገዳ ደንቡ ጠበቅ ያለ ነው፦ ልጁ ቢመለስ በሌሎች ላይ ከባድ አደጋ የሚያደርስ መሆኑ፣ ወይም ሌላ መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ያልተገታ የማያቋርጥና እጅግ ከባድ ረብሻ መኖሩ መታየት አለበት። አንድ የስናፕቻት ልጥፍ ብቻውን ከሁለቱ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ በስብሰባው ላይ ዝግ ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጻፉ።

ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ለሆነው እገዳና ለመባረር ይግባኙ ለካውንቲው የትምህርት ቦርድ ነው፤ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ 10 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ። ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ነው ብላችሁ አትቁጠሩ፣ ቅዳሜና እሑድንም አትዝለሉ። ጠበቃና ምስክር ይዛችሁ መቅረብ ትችላላችሁ። ቦርዱ በ45 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፤ ይግባኙ ግን ቅጣቱን አያስቆምም። ለዚህ ነው ኃይላችሁን ሁሉ ለፍርድ ቤት አታስቀምጡ የምለው። ብራንዲ ሌቪ ከስናፕቻቱ እስከ መጨረሻው ውሳኔ 4 ዓመት ፈጅቶባታል፤ የተፈረደላት ካሳ 1 ዶላር ነው። ልጃችሁን ክፍል የሚመልሰው የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

በዚያው ቀን ማታ ኢሜይል ላኩ፤ በአማርኛም ቢሆን። አጭር ይሁን፦ "ዛሬ በስልክና በቢሮ የተነጋገርነውን ለማረጋገጥ ነው። ልጄ ተላለፈ የተባለውን የደንብ ቁጥር፣ ያያችሁትን ማስረጃ ሁሉ ቅጂ፣ ልጄ የጻፈው ካለ እሱን፣ የቅጣቱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የይግባኙንም መንገድ በጽሑፍ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ለቀጣዩ ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ።" ይቅርታም፣ ማብራሪያም፣ የልጁ የቀድሞ መልካምነትም እዚህ ውስጥ አይግባ። ልጁ አይኢፒ ወይም 504 (ለአካል ጉዳት ወይም ለመማር ችግር የሚወጣ የድጋፍ ዕቅድ) ካለው አንድ መስመር ጨምሩ፤ እገዳው ከ10 የትምህርት ቀን ካለፈ፣ ድርጊቱ ከችግሩ የመነጨ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ስብሰባ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ መደረግ አለበት።

እገዳው ላይ እያለ ትምህርቱ እንዳይቆም። የሜሪላንድ ደንብ ከየመምህሩ የዕለት ሥራ እንዲላክለት፣ በየሳምንቱ ታርሞ እንዲመለስለት፣ አገናኝ የሚሆን አንድ ሠራተኛም እንዲመደብ ያዛል። የዚያን ሰው ስምና ስልክ ሳትይዙ ከቢሮው አትውጡ። ዜሮ የተሞላ ውጤት ከእገዳው በላይ ይጎዳል።

የግል ትምህርት ቤት፣ የሃይማኖትም ይሁን ሌላ፣ ከላይ ያልኳቸው የመናገር ነፃነት ፍርዶች አይገዙትም። እዚያ ሕጋችሁ ስትመዘገቡ የፈረማችሁት ሃንድቡክ (የደንብ መጽሐፍ) ነው፤ ገጽ በገጽ አንብቡት። ዜግነት ላላገኛችሁ ደግሞ፦ ከትምህርት ቤት መታገድ የወንጀል ፍርድ አይደለም። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን "ቀላል ነው፣ ፈርሙ" የሚል ስምምነት ከመቀበላችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያይላችሁ፤ ፎርም የሚሞላላችሁ ሰው አይበቃም።

ሁሉም ካበቃ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። ፈርፓ በተባለው የ1974ቱ ሕግ መሠረት የልጁን ፋይል ለማየት በጽሑፍ ጠይቁ፤ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩአችሁ ይገባል። ልጁ 18 ሲሞላው ይህ መብት ወደ እሱ ስለሚዞር አታዘግዩት። የተሳሳተ ነገር ካለ እንዲታረም አመልክቱ፤ እንቢ ካሉና ጉዳዩ እንዲሰማ ጠይቃችሁም ካልተለወጠ የራሳችሁን ማብራሪያ ከፋይሉ ጋር የማያያዝ መብት አላችሁ። ለኮሌጅ ሲያመለክት ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች የሚያገለግለው የጋራ ማመልከቻ) ከ2021 ጀምሮ የትምህርት ቤት ቅጣትን የሚጠይቀውን የጋራ ጥያቄ አንሥቷል፤ አንዳንድ ኮሌጆች ግን በራሳቸው ገጽ ይጠይቃሉ። ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡ። አንዱ "ታግደህ ታውቃለህ" ይላል፣ ሌላው "ተባረህ ታውቃለህ" ብቻ ነው የሚለው። 3 ቀን የታገደ ልጅ ለሁለተኛው መልሱ "የለም" ነው።